ጢም ያስላጨው ጭፈራ

ሽማግሌው ኪልያን "ይሄ ፒያኖ የሚሉት ጥርሳም ሳጥን እግሬን ካነቃነቀው ጢሜን እላጫለሁ" ብሎ በመንደሩ ቢራ ቤት ማለ። ጢሙ ድንቢጦች ጎጆ የሚሠሩበት የቼኮች አገር የቦሄሚያ ኩራት ነበር።

የእህቱ ልጅ ሉድሚላ የመንደሩን ጭፈራዎች ለፒያኖ ጽፋ ከፕራግ መጣች። ፖልካ የሚሉትን ጭፈራ በቢራ ቤቱ ፒያኖ ስትጫወት ኪልያን ንቅንቅ አላለም።

"አጎቴ፣ እግርህን ቸነከርከው እንዴ?"

"አንቺ ተጫወቺ፤ የእግሬን ለኔ ተዪው።"

ፉሪያንት የሚሉትን ጭፈራ ጀመረች። ሁለት ሁለት ሲረገጥ ቆይቶ ድንገት ሦስት የሚሆንበት፣ እንግዳ ሁሉ የሚደናቀፍበት ቦታ አለው። ኪልያን፣ የከተማ ትምህርት እዚያ ላይ አቃንቶት ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ልክ እንደ መንደሩ ሰው አድርጋ አዞረችው። ጫማው ወለሉን ሲመታ የሦስት መንደር ዝይ በረገገ።

በማግስቱ ፊቱ እንደ እንቁላል ለስልሶ መጣ።

"ከእንግዲህ የሚላጭ የለኝም" አላት። "ድገሚውና ልጨፍር።"