ያልተጨረሰው ካልሲ

የሃዲያ ሥራ ከናዚዎች ሸሽተው አሜሪካ የገቡ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች የተዉትን ወረቀት እየለዩ መመዝገብ ነው። ከቤተ መዛግብቱ ውጭ የላስ ቬጋስ ፀሐይ አስፋልቱን ያቀልጠዋል፤ እሷ ግን ከሣጥኖቹ ጋር ስትውል የሰው ሕልም ውስጥ የገባች ይመስላታል።

ያን ቀን ከደብዳቤዎቹ ሥር የልጅ ካልሲ ወጣ። ገና አላለቀም፤ የሹራብ መርፌዎቹ እንደተሰኩበት ዝገዋል። የዛገ ብረት ደግሞ ወረቀት ስለሚበላ ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም።

«መርፌውን ሳብ አድርጊና ገላግይን እንጂ እቴቴ!» አላት ባልደረባዋ ቡርሃን። «ካልሲ ካታሎግ ካደረግን ነገ ነጠላ ጫማ ሊመጣ ነው።»

«አፍህን ሰብስብ! መርፌው ሲወጣ ይተረተራላ።»

ሣጥኑን ያመጡት አሮጊቷ ግሬቴ ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል።

«እናቴ ለታናሽ ወንድሜ ጀምራው ነበር» አሉ። «ከቪየና ስንሸሽ መንገድ ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲያ አልጨረሰችውም፤ አልፈታችውምም። አደራሽን፣ እንዳይተረተር። እንዳትጨርሺውም።»

«አይዞዎት» አለች ሃዲያ።

ለስላሳ የጥጥ ክር በስፌት መርፌ ላይ አስገብታ፣ በዛጉት መርፌዎች ፈንታ ክሩ እንዲይዛቸው የካልሲውን ቀለበቶች አንድ ባንድ ለቀመቻቸው። እጇ ሹራብ የለመደ ነውና ሳታስበው ወደሚቀጥለው ዙር ሊያልፍ ቃጣው፤ ተረከዙን አዙራ ስትጨርስ፣ ልጁም እግሩን ሲዘረጋላት ታያት። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ የዛጉትን መርፌዎች መዘዘቻቸው።

አንድም ቀለበት አላመለጠም።

ግሬቴ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ልክ እንደተወችው ነው» አሉና ሣጥኑን ራሳቸው ከደኑት።