አባ ያጸደቁት መጽሐፍ

በየዓርቡ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አዲስ የልጆችና የወጣቶች መጽሐፍ እጠቁማለሁ። ጠቋሚዋ እኔ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰሚ ግን የለም። እኛ ደባርቅ ተማሪ ቤተ መጻሕፍት የሚገባው አጋዥ መጽሐፍ ፍለጋ ነው። ልብ ወለድ ስዘረጋለት፣ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይለኛል። አይመጣም። ስንት ዓመት «አይመጣም» ስል እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ደክሞኛል።

ስጦታ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ሰማችኝ። ከማይክሮፎኑ ተነሥቼ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ስደርስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ያን ዕለት የጠቆምኩት፣ ከአባቷ ተጣልታ ለመማር ከተማ ስለወረደች ልጅ የሚተርክ አዲስ ልብ ወለድ ነበር። ደስ ብሎኝ አዋስኳት።

በማግስቱ አንገቷን ደፍታ መለሰችው። እናቷ ወይዘሮ እታለም ፊደል አልቆጠሩም፤ ሽፋኑ ላይ ፀጉሯን የለቀቀች ልጅ አይተው፣ «አባ ሳይሰሙት ይሄ እቤቴ አይገባም! አንቺም ከዚያ መጽሐፍ ቤት እግርሽ ይሰብሰብ!» ብለዋታል። አባ ገብረ ሚካኤል የቤቱ የንስሐ አባት ናቸው።

መጽሐፉን ይዤ አባ ዘንድ ሄድኩ።

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ፤ አንብቢልኝ» አሉ።

አንድ ምዕራፍ ይበቃቸዋል ብዬ ነበር። ምን ሲደረግ! ከሥራ በኋላ በየቀኑ ጭቃ እየረገጥኩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መውጣት ሆነ ሥራዬ። ወደ ሊማሊሞ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ሲያጓሩ ድምፄን ከፍ፣ ሲርቁ ዝቅ አደርጋለሁ። አባ ደግሞ ጥያቄ አያልቅባቸውም። «እስቲ መለስ በይ፤ ያ ደላላ ምን ነበር ያላት?» ይላሉ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «አንቱ፣ ልጅቱ እየጠበቀች ነው። ታንብበው ወይስ አታንብበው? እሱን ንገሩኝና ልረፍ።»

«ዳር ሳላደርሰው ምን ብዬ ልፍረድ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። ስጦታ በእረፍት ሰዓት በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ምን አሉ?» ትላለች። «ገና ናቸው» እላታለሁ። ፊቷን ላለማየት ስል መደርደሪያ የማስተካክል እመስላለሁ።

የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩላቸው። አባትየው ልጁን ሊወስድ ይመጣል፤ እሷ ግን አብራው አትመለስም። አውቶቡሱ ሲሄድ ቆማ ታየዋለች፤ በዚያው ያልቃል።

አባ ወደ እኔ ዘወር አሉ። «አልተመለሰችም?»

«አልተመለሰችም።»

«ይሁን» አሉና መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ እነስጦታ ቤት ወረዱ። በቃ፣ ልጅቷን አጣኋት አልኩ። ያ ሁሉ ድካም ለዚህ ነው ብዬ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ስጦታ እየሮጠች መጣች። «እትዬ ፋንታዬ! አባ ፈቀዱ! እማዬም እሺ አለች!»

«እንዴት አድርገው?»

«ታሪኩን ሁሉ ነገሯት። መጨረሻ ላይ ልጅቷ አባቷ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠይቃ አገሯ ገባች አሏት። እማዬ አለቀሰች እኮ!»

ስንቱን ሰው ስለ ውሸቱ ሲያሰግዱ የኖሩ ካህን፣ ለአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ብለው ዋሹ። ስንት ቀን በልቤ ስረግማቸው ነበር የከረምኩት!

ስጦታ መጽሐፉን ተቀብላኝ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንደ ብዙ ልጆች እሷም ከመጨረሻው ገጽ ጀመረች። ገጹን አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች።

«እትዬ፣ አባ ተሳስተዋል።»

«አልተሳሳቱም» አልኳት። «ጠንቅቀው ነው የሰሙት። እናትሽንም ያውቋቸዋል።»

ገጹን እንደገና አነበበችው።

«እንግዲያው እማዬ ከጠየቀችኝ፣ እኔም ተመለሰች ነው የምላት» አለችና ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጠች።