በሁለት አበልጆች መካከል የተለካ ሃያ አራት ቮልት

የቁልቋል በር የኢንተርኔት ታወር ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በትርንጎ ቀኝ እጅና በደርበው ቀኝ እጅ መካከል ሃያ አራት ቮልት ተለካ።

ትርንጎ የቮልት መለኪያ ቴስተሩን አራገፈችው። የውስጡን ባትሪ ቀየረች፣ ጣቶቿን በሱሪዋ ጠረገችና እንደገና ቀዩን ጫፍ እሷ፣ ጥቁሩን ደርበው ያዙ። ሃያ አራት። ከታወሩ ዘበኛ ጋር ስትለካ ዜሮ አለ። ደርበውም ከዘበኛው ጋር ሲለካ ዜሮ ሆነ። እንግዲህ ቴስተሩ ጤነኛ ነው፤ ነገሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ይህን ልኬት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አስታጉለውት አያውቁም። ታወር ላይ የምትወጣው ትርንጎ ናት፤ ከታች ሆኖ ገመዷን የሚይዘው ደርበው ነው። ልማዱን ያስያዟቸው ሥራ ያስተማሯቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ቮልት ማለት ልዩነት ነው፣ የሚለካውም በሁለት ነገር መካከል ነው፣ በሁለት ሰው መካከል ልዩነት ካለ ደግሞ አንዱ የሌላውን ገመድ መያዝ የለበትም ይሉ ነበር። እነሱም በየጠዋቱ ይለካሉ፣ ዜሮ ይላል፣ እሷ ትወጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ በምሳ ሰዓት ተኮራርፈው በማግሥቱ ዜሮ ነጥብ ሦስት አነበቡ፤ ሳቁና ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወረደ። ደርበው የልጇ የክርስትና አባት ነው። ባሏ የሞተ ጊዜም ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው።

«አየሩ ደረቅ ነው፣ አበልጄ» አለ ደርበው ቴስተሩን እያየ።

«ደረቅ ነው» አለችው። የዚያን ቀን ግን አልወጣችም።

ቁልቋል በር የኤሌክትሪክ ምሰሶ ከተተከለላት ስድስት ዓመቷ ነው። በየቤቱ ደጃፍ አምፖል ተሰቅሏል፤ አንዱም በርቶ አያውቅም። ስለዚህ ታወሩ የሚሠራው በፀሐይ ኃይልና በባትሪ እንዲሆን ተወሰነ። ከወር በፊት ሕዝቡ በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስቦ ሳለ፣ ስንት ቮልት ይሁን የሚለውን ያስረዳችው ትርንጎ ነበረች። አሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት ወይም አርባ ስምንት ማድረግ ይቻላል። ታወሩ ሃምሳ ሁለት ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ የሚሰቀሉት ማሰራጫዎች ደግሞ ከአርባ ሁለት ቮልት በታች አይነሱም። ዳገት የሚወጣ ሰው ሸክሙ ሲበዛ መንገድ ላይ ያንጠባጥባል፣ ሸክሙን ቀንሶ ጉልበቱን ማብዛት ይሻላል፣ ኤሌክትሪክም እንደዚያው ነው አለቻቸው። የአገሩ ሽማግሎች ሰብሳቢ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ታወሩ የቆመበትን ኮረብታ የሰጡት እሳቸው ናቸው፣ እጃቸውን አውጥተው በሁለት ባትሪ ብንጀምረውስ ብለው ጠየቁ። አይሆንም አለች። አርባ ስምንት ቮልት፣ እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት የሆኑ አራት ባትሪዎች ተያይዘው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ተጻፈ። ባትሪዎቹን ከዞኑ ከተማ ለማምጣት የተላከው ደርበው ነው፤ ከእሱ የሚታመን ሰው አልነበረማ።

ያን ማክሰኞ ትርንጎ ከታወሩ ሥር ወዳለችው የባትሪ ቤት ገብታ አንድ በአንድ ለካች። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሦስተኛውን ስታነሳው እጇ ላይ ቀለላት። ክዳኑን ፈታች። ውስጡ ደረቅ አሸዋ ነበር። አራተኛውም አሸዋ ነበር፤ እንዲያውም የእሱ በደንብ የተነፋ ነው።

ደርበውን ጠራችና አሳየችው። ኬብሉ በልቶት ይሆናል አለ። ኬብሉ ገና አልተገጠመም አለችው። እንግዲያው መንገድ ላይ ተለውጠው ነው አለ፣ ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎም ማለ። ሲምል ቴስተሩ በመካከላቸው ተይዞ ነበር። ሃያ አራት ነጥብ ስድስት አለና ተመልሶ ሃያ አራት ላይ ቆመ።

ትርንጎ ተከዳች። ሌላ ስም ልታወጣለት ሞክራ አጣችለት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታ ነበር፤ አባባሉ ስለ ፈረስ ብቻ ይመስላት ነበር። የቆጫት ባትሪው አይደለም፤ ባትሪ ዕቃ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰማይ በታች ከምድር በላይ የተንጠለጠለችው በዚህ ሰው እጅ ላይ ነበር። ከእሱ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በገዛ አፉ፣ ወስጃለሁ፣ ይቅር በይኝ እንዲላት። ይህን ቢል ቴስተሩ ወደ ዜሮ እንደሚወርድ ታውቃለች። አላለም።

ረቡዕ ገመዷን ዘበኛው ይዞላት ወጣችና ማሰራጫዎቹን ገጠመች። ደርበው እጁን ኪሱ ከትቶ ከታች ቆሞ ያይ ነበር።

ሐሙስ የምርቃቱ ቀን ሆነ። ሰዉ ነጭ ለብሶ ኮረብታውን ሞላው። ባትሪ ይምጣ ቢባል ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ትርንጎ ሁለቱን ደህና ባትሪዎች አየች፤ ደርበውን አየች፤ ቴስተሩን አየች። ሃያ አራትና ሃያ አራት አርባ ስምንት ነው። ባለሙያ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ሒሳብ ካየ በኋላ እንዳላየ መሆን አይችልም። ከባትሪዎቹ የመጣውን ሽቦ በደርበው የእጅ አንጓ ላይ ጠቀለለች፤ ወደ ታወሩ የሚወጣውን በራሷ አንጓ ላይ። በሁለት ዱካ ላይ፣ በሦስት እርምጃ ርቀት ተቀመጡ። ትንሽ ነዘራቸው። ከታወሩ አናት አረንጓዴ መብራት በራ፣ ውጭ እልልታው ቀለጠ፣ የሰዉ ስልክ በየኪሱ መጮህ ጀመረ።

«ለአንድ ሰዓት ያህል ነው» አለች ትርንጎ።

ሰዓቱ አላለቀም። ሰዉ በስልኩ የሩቅ ልጆቹን ፊት ማየት ጀመረ፤ አንዷ ቤይሩት ያለች እህቷን አገኘች፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከከተማ ሐኪም ጋር በሽተኛዋን እያሳየች ተማከረች። ይህን ዝጉት ማለት የማይቻል ነገር ነው። ስለዚህ አበልጆቹ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በየቀኑ እየተቀመጡ ይውሉ ጀመር። ከተማው በተራ ምሳ ይልክላቸዋል፤ በሁለት ሳህን። ከአንድ ሳህን የበላ ሰው ሳያስበው ይታረቃል ብለው ሽማግሎቹ አስጠንቅቀዋል። ሲመሽ ሰዉ እግር ኳስ ለማየት ወደ ጋሽ ወንዳፍራሽ ቤት ይጎርፋል። ትርንጎ ማልዳ ስለምትነሳ አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም።

በስድስተኛው ቀን ደርበው ሽቦው ከእጁ ሳይፈታ፣ ሽቦው እስከፈቀደለት ድረስ፣ ወደ በሩ ሄደ። ሲመለስ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ከፊቷ ቆሞ ጎንበስ አለ። ይቅርታ ለምኖ የሚያውቅ ሰው ድንጋዩ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል፤ የደርበው ግን ያልለመደ ሰው አያያዝ ነበር።

«አበልጄ፣ ባትሪዎቹን...» ብሎ ጀመረ።

በመካከላቸው የተያያዘው ቴስተር አሥራ ዘጠኝ አለ። ከዚያ አሥራ አንድ አለ። ከላይ አረንጓዴው መብራት ጠፋ። ከታች በከተማው ውስጥ ወሬ በየአፉ ተቆረጠ፣ ሰዉም ኮረብታውን በሩጫ መውጣት ያዘ። ከሁሉ ቀድመው የገቡት ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው።

«ደርበው፣ ድንጋዩን አውርድ» አሉ።

አርባ ዓመት ባስታረቁበት ዘመን በስንቱ አንገት ላይ ድንጋይ አስጭነዋል። ከሰው አንገት ላይ ሲያወርዱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከበሩ ጎን በጥንቃቄ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ትንሽ ታገሺ» አሏት ትርንጎን። «እርቅ የትም አይሄድም።»

«ቂሜን ልያዘው ነው የሚሉኝ?»

«ለጊዜው ያዢው።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲሉን የኖሩት እርስዎ አይደሉም?»

ጋሽ ወንዳፍራሽ አሰቡ። «ጸሎት አላልንሽም» አሉ። «ቂሙን ብቻ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ከተማው ተሰብስቦ፣ ሁለቱ አበልጆች ሌላ መመሪያ እስኪሰጥ ድረስ እንዳይታረቁ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ውሳኔው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት። አንድ ቅጂ በባትሪ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

እንዲህም ሆኖ ቂም እንደ ማንኛውም ዕቃ ያልቃል። ትርንጎ ከፊት ለፊቷ ደርበውን ከማየት በቀር ሥራ አልነበራትም። ጢሙ ሸብቷል። ሽቦውን የሚይዘው እንደዚያ ድሮ ገመዷን እንደሚይዘው ነው፤ ሁለት ዞር አድርጎ፣ አውራ ጣቱን ከላይ አድርጎ። ያን አያያዝ ደጋግማ ታየው ጀመር። ሳይናገር ይቅር ልትለው እንደተቃረበች የነገራት ቴስተሩ ነው፤ በዘጠነኛው ቀን ሃያ ሁለት፣ በአሥረኛው ሃያ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አሥራ ስድስት። ማሰራጫዎቹ ለግማሽ ሰዓት ተኙ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጋሽ ወንዳፍራሽ ከዘራቸውን ይዘው ብቻቸውን መጡ። ሦስተኛ ዱካ ስበው በሁለቱ መካከል ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ያልነገርኩሽ ነገር ነበር» አሉ። «አሁን ግን መከፋትሽ ያስፈልጋል።»

ከዚያም ሳይጣደፉ ነገሯት። ሁለቱ ባትሪዎች ያሉት በእሳቸው ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ነው። ሁለት ባትሪ ካልሰጠኸኝ ኮረብታውን አልሰጥም ብለው ደርበውን የያዙት እሳቸው ናቸው። እሱም ታወሩ እንዳይቀር ብሎ አወረደላቸው፤ ለእሷ እንዳይነግርም አስማሉት። አሸዋውን የነፋው ዘበኛው ነው። ቃለ ጉባኤውን የያዘው ጸሐፊ ባትሪዎቹ ሲወርዱ አግዟል።

«ሌላስ ማን ያውቃል?» አለች ትርንጎ።

«ከተማው ሁሉ ኳስ የሚያየው እኔ ቤት ነው እኮ።»

ከዚያ ቤት የጄነሬተር ድምፅ ሰምታ እንደማታውቅ ትርንጎ ያን ጊዜ ትዝ አላት። እልል ያለላትን ሰው አስታወሰች። ምሳ ያመጡላትን ሴቶች፣ አይዞሽ ያላትን ነርስ፣ ረቡዕ ዕለት ገመዷን የያዘላትን ዘበኛ አስታወሰች። ከእሱ ጋር ዜሮ ያነበበችው እንዴት ነበር? ያን ጊዜ ከእሱ የምትጠብቀው ነገር አልነበረማ። አሁን ብትለካው ምን እንደሚል ለማወቅ ቴስተር አላስፈለጋትም።

«ታዲያ ባትሪዎቹን አሁን ለምን አይመልሱልንም?»

«ውድድሩ አላለቀም» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

ቴስተሩ ሃያ አራትን አለፈ። ሠላሳ አንድ ሆነ፣ አርባ ሆነ፣ አርባ ስምንት ላይ ደረሰ፤ እዚያም አልቆመም። ሽማግሌው ቁጥሩን በመነጽራቸው አዩና «ይኸው» አሉ፣ እንደ ጥሩ ሐኪም።

ትርንጎ ተነሳች። ሽቦውን ከእጇ ፈትታ ዱካው ላይ አኖረችው። መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቀች። አልጠፋም። ወጥታ ወደ ላይ አየች፤ አረንጓዴው ከምርቃቱ ቀን ይልቅ ደምቆ ይበራል። ተመልሳ ቦርሳዋን፣ የራስ ቁሯንና ገመዷን ሰበሰበች።

«አበልጄ» አለ ደርበው።

ዞረች። እንዲህ አድርጎ ከጠራት በኋላ የሚለውን ብትሰማ ከዚያች ኮረብታ እንደማትወርድ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። አፉን ከፈተ። ጋሽ ወንዳፍራሽ አንድ ጊዜ ሳል ሳሉ። ደርበው አፉን ዘጋ። እሷም ከበሩ ጎን ያለውን ድንጋይ ተራምዳ ወጣች።

መኪና መሳፈሪያው ከከተማው ማዶ ስለሆነ በዋናው መንገድ ማለፍ ነበረባት። ቀትር ነው፣ ስድስት ሰዓት። በመጀመሪያው ቤት ፊት ስታልፍ ደጃፉ ላይ የተሰቀለው አምፖል በራ። በሁለተኛውም በራ። ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ጤና ጣቢያው ጋ፣ ጸሐፊው ቤት ጋ፣ እሷ በደረሰች ቁጥር አንድ አንድ እያለ በራ፤ ካለፈችም በኋላ አልጠፋም። ሰዎች ወደ ደጃፋቸው ወጡ። ትናንት ምሳዋን ያመጣችላት ሴት ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ነበር። ሁሉም ያዩ የነበረው ወደ አምፖሎቹ ነው።

የመኪናው ረዳት የሌላ አገር ሰው ነው። እጇን ይዞ አሳፈራት፤ ምንም አልነዘረውም። ሻንጣ አለሽ ወይ አላት፣ ይህች ቦርሳ ብቻ ናት አለችው።

ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ አየች። በጠራራ ፀሐይ ቁልቋል በር ከዳር እስከ ዳር በርታ ነበር። በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ቤቶቹ ይታዩ ነበር። በሁለተኛው ጠመዝማዛ ቤቶቹ በብርሃኑ ውስጥ ጠፉ። መኪናው በራቀ ቁጥር መብራቱ ይጨምር ነበር።