ነሲም አትባራ ስትገባ

ራውዳ ቡሽራ ከአባቷ የወረሰችው ፋብሪካ ባህሪ በምትባለው የሱዳን ከተማ፣ ከአባይ ብዙ ሳይርቅ ነበር። መጀመሪያ የሚሞላው የውጭ አገር ለስላሳ ነበር። በአገሪቱ ላይ ማዕቀብ ሲጣል የለስላሳው ባለቤቶች ቅመሙንም መለዋወጫውንም ከለከሉ። ሰው ሁሉ "ቡሽራ አለቀለት" ሲል አባቷ ሐጅ ቡሽራ ኮርዶፋን ወርዶ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ አበባ ጭኖ ተመለሰና ነሲም የምትባለውን ቀይ ለስላሳ ፈጠረ። ጠርሙስ የሚሞሉት የማሽኑ አፎች ተበልተው ሲያልቁም፣ ጊርጊስ የሚባል የኦምዱርማን የቶርኖ ባለሙያ ከናስ አንድ በአንድ አውጥቶ ተካቸው። ሐጁ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እነዚያን አፎች ሳያሳይ አይሸኝም ነበር። ራውዳ ያደገችው ይህን እያየች ነው።

ጦርነቱ በረመዳን ማለቂያ ፈነዳ። ድልድዮቹ ተዘጉ፣ መብራት ጠፋ፣ የሰፈሩ ቧንቧ ደረቀ። ፋብሪካው የራሱ ጉድጓድና ጄኔሬተር ስለነበረው ራውዳ ለስላሳ መሙላቱን ትታ በሩን አስከፈተች፤ ለጎረቤቱ ውሃ ማደል ጀመረች።

ወሬው ታጣቂዎች ጆሮ ደረሰ። በፒክአፕ መጥተው ጄኔሬተሩን ጫኑ። አለቃቸው የመሙያውን ማሽን ዞር ዞር ብሎ አየና፣

"ይሄስ?" አላት።

"ለስላሳ ይሞላል። ልጅ እያለህ ሳትጠጣው አልቀረህም።"

ልጁ ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። "ነገ ክሬን ይዘን እንመጣለን" ብሎ ሄደ።

ራውዳ ግቢ የቀሩትን ሠራተኞች ጠራች። "ብረቱን ይውሰዱት። የጊርጊስን ናስ ግን አያገኟትም!" አለች። መካኒኩ ኦሼክ የከሰላ ሰው ነው፤ ቁልፉን አንስቶ አፎቹን ይፈታ ጀመር። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ ደረሰው። ከልቱም የምትባለው ጠርሙስ አጣቢ የእሷን በዱቄት ጆንያ ቀበረች፤ አደም የሚባለው ዘበኛ ራሱ ላይ ከጠመጠመው ሻሽ ውስጥ ሸሸገ። ሳይነጋ ሁሉም በየአቅጣጫው ተበተነ።

ራውዳ የባቡር ከተማ በሆነችው አትባራ ዘመድ ቤት ተጠጋች። እዚያ ሸውቂ የሚባል አስመጪ አገኛት።

"ስሙን ብቻ ሽጪልኝ" አላት። "ከውጭ በቆርቆሮ አስመጣና ነሲም ብዬ እለጥፍበታለሁ። አንቺ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ።"

"ከርከዴ አለበት?"

"ቀለም አለበት።"

"እንግዲያው በራስህ ስም ጥራው፤ ሸውቂ በለው!"

እንዲህ ስትመልስለት ለወሩ ቤት ኪራይ እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም። አምባሮቿን ሸጠችና ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ የሎሚናት ፋብሪካ ተከራየች። ውስጡ ያለው ማሽን ባህሪ የቀረው ማሽን ወንድም ነው፤ አፎቹን ግን ሌባ ነቅሎ ወስዷቸዋል። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለተበተኑት ሠራተኞች የድምፅ መልእክት ላከች። "ልጆቼ፣ ራውዳ ነኝ። ማሽን አግኝቻለሁ፤ አፍ የለውም። በሕይወት ያላችሁ ኑልኝ።"

ኦሼክ ቀድሞ ደረሰ፤ ጎፈሬው ላይ ሚዶውን እንደሰካ። ከልቱም ከፖርት ሱዳን በጭነት መኪና መጣች። ሌሎችም ተከታተሉ። ኑርዲን የሚባለው ጫኝ ግን ባዶ እጁን በር ላይ ቆሞ ቀረ።

"ሸጥኩት ሐጃ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ለጀልባ ከፈልኩበት።"

"አሻግሮህ የለ? ሥራውን ሠርቷል። ግባ።"

"ጊርጊስ ይስማ ብቻ!" አለ ኦሼክ። "አንተኑ ቶርኖ ላይ አስሮ ነው የሚቀርጽህ።" ኑርዲንም ሳይቀር ሳቀ።

በመጨረሻ አንዲት የማያውቋት ሴት መጣች፤ ሐዋ ትባላለች፣ የአደም ሚስት። ናሱን ከጨርቅ ፈትታ ለራውዳ ሰጠቻት።

"አደም መንገድ ላይ ቀረ" አለች። "'ለሐጃ አድርሺ' ብሎኛል። ኬላ ላይ ወርቄን ሰጥቻቸው ይሄንን ደበቅኩ።"

ራውዳ ናሱን ከሌሎቹ ጎን አስቀመጠች። እንባዋን በተከናነበችው ቶብ ጫፍ ጠርጋ፣ "ሥራ ትፈልጊያለሽ?" አለቻት።

"ታዲያ ለምን መጣሁ?"

ኦሼክ የተመለሱትን አፎች ማሽኑ ላይ ገጠመ፤ ያልተመለሱትን ቦታ በቡሽ ደፈነው። ጠርሙሱን ከየቤቱ ለቅመው አጠቡት። ማሽኑ ሲነሳ አረፋው ፈንድቶ ኦሼክን ከጎፈሬው እስከ ደረቱ ቀይ አደረገው። "ማሽኗ ጥርሷ ወልቆም ትስቃለች!" ብሎ ጮኸ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

የመጀመሪያው ጭነት ገበያ በወጣ ቀን ራውዳ አንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ ታይ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጠርሙሱን እስከ ግማሽ ጠጡና ለባለሱቁ፣

"ነሲም ናት፤ ግን ስኳር ቀንሰውባታል" አሉት።

"አባ፣ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ምን ጠበቁ?"

"ጦርነቱ ሌላ፣ ነሲም ሌላ! ባለቤቷን ባገኝ እነግራት ነበር።"

ራውዳ ተነስታ እጃቸውን ሳመች። "ይንገሩኝ አባቴ። የቡሽራ ልጅ ነኝ።"

ሽማግሌው ጠርሙሱን አስቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩአት። ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

"እንግዲያው ስኳር ጨምሪ" አሏት።

ራውዳ እየሳቀች፣ በባቡር ሠራተኞቹ ሰፈር መሐል አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ፋብሪካው ተመለሰች። ከደጅ ሆናም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች።

"ኦሼክ! ከተማው ተቆጥቶናል፤ ስኳር ጨምሩ!"