የተቀላቀለው ሳጥን

ጎሹ ነጩን ሳጥን ከመደርደሪያው ሲያነሳው ከበደው።

የመኪናው ትራንክ ተከፍቷል። አሮጌው ጠመንጃ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ገብቷል። የቀረው ጥይቱ ብቻ ነበር። እሱ ግን ሳጥኑን እንደያዘ ቆመ። ትናንት ጠዋት ግማሽ የነበረ ሳጥን ዛሬ ሊሞላ አይችልም። ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው፤ መነጽሩን አደረገና ክዳኑን ከፈተ። ጥይቶቹ ጢም ብለው ተደርድረዋል። ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። ቀዩ ሳጥን የለም።

እህቱ መነን በጓሮው በር መጥረጊያ ይዛ ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው አትላንታ አጠገብ ባለችው ዶራቪል፣ ከእሱ ጋር ነው። ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛው ሊያጅበው ስለሚመጣ፣ ጋራዡ በእንግዳ ዓይን እንዳያሳፍር ብላ ትናንት ስታጸዳው ዋለች።

"መነን፣ ቀዩ ሳጥን የት ገባ?"

"የስፌት ክሬን አስቀመጥኩበት" አለች ደስ ብሏት። "ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነበሩ። አንዱ ላይ ሞላሁልዎት። ቦታም ተረፈ፣ አይደል ጋሼ?"

ጎሹ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሳጥኑን አየው።

ጎሹ ሁለት ጠመንጃ አለው። አንደኛው ገና ባሩድ ጥቁር በነበረበት፣ ብረትም እንደ ዛሬው ባልጠነከረበት ዘመን የተሠራ ነው፤ "ሽማግሌው" ይለዋል። ሁለተኛው ልጁ ሚካኤላ ሥራ እንደያዘች የገዛችለት አዲስ ነው። የሁለቱም አፈሙዝ ሰፊ ነው፤ የሚጎርሱትም አንድ ዓይነት ቀለህ ነው። ልዩነቱ ያለው ቀለሁ ውስጥ በሚገባው ባሩድ ነው፤ ለሽማግሌው ለዘብ ያለ፣ ለአዲሱ ኃይለኛ። የሽማግሌው ጥይት በአዲሱ ቢተኮስ ችግር የለውም። የአዲሱ በሽማግሌው ቢተኮስ ግን ብረቱ ይፈነዳል፤ የተኳሹ ፊት ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። እርሳሱን ጎሹ ራሱ አቅልጦ ለሁለቱም በአንድ ቅርጽ ያወጣዋል። ስለዚህ ጥይቶቹ ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። የሚለያቸው ሳጥናቸው ብቻ ነበር፤ ነጩ ለሽማግሌው፣ ቀዩ ለአዲሱ።

ሙያው ከቤቱ የመጣ ነው። አባቱ ቡልጋ ውስጥ ባዶ ቀለህ መልሰው የሚሞሉ፣ የታወቁ ቀለህ ሞይ ነበሩ። የተተኮሰ የውጅግራ ጠመንጃ ቀለህ ከሩቅ እየተያዘ ይመጣላቸው ነበር። በዚያ ዘመን ሰው ቀለህ ሞይ ሲመርጥ አስቀድሞ የሰውየውን ጣቶች ያያል። የጎሹ አባት አንድም ጣት ሳይጎድላቸው ተቀብረዋል። ጎሹም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አትላንታ ውስጥ የሆስፒታል ቦይለር ሲጠብቅ ስለኖረ፣ የታመቀ ኃይል መውጫ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ሲሞላ ጠረጴዛው ላይ አንድ ባሩድ ብቻ ይቀመጣል። ልኩን ከታተመ መጽሐፍ ያያል፤ ከዝቅተኛው ይጀምራል፤ ይመዝናል። እርሳሱን ከመድፈኑ በፊት በባትሪ እያበራ እያንዳንዱን ቀለህ ወደ ውስጥ ያያል፤ ሁለቴ የተሞላ እንዳይኖር፣ ባዶ የቀረም እንዳይኖር። ሰው ካነጋገረው ያቆማል።

ዛሬ ደግሞ ቀኑ ቀላል አልነበረም። ከሮዝዌል ወዲያ ባለው የተኩስ ሜዳ በየዓመቱ የአሮጌ ጠመንጃዎች ውድድር አለ። አምና ጎሹ በሽማግሌው አንደኛ ወጥቶ ነበር። በሜዳው ወግ መሠረት ውድድሩን የሚከፍተው ያለፈው ዓመት አሸናፊ ነው። እሱ ሳይተኩስ ማንም አይተኩስም። ጎሹ ለማንም አላወራም፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሸሚዙን ሁለቴ ተኩሶ ሰቅሏል።

ያወራው መክብብ ነው። መክብብ ባለሱቅ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን የጎሹ የጸሎት ጓደኛ፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ደግሞ የጎሹ አፍ። ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ክራቫት አስሮ መጣ።

"ጀግናው ገና ተቀምጧል እንዴ? ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ሄዷል። ወንጌላዊው ሳይቀሩ!"

ጎሹ የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረው። መክብብ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አንዷን ጥይት አንስቶ እንደ እንቁላል ጆሮው ሥር ነቀነቃት። ምንም አልነገረችውም።

"ስማ ወንድሜ" አለ፤ "የምትከፍተው በአንዲት ጥይት ነው። ግማሾቹ ደግሞ ደህናዎቹ ናቸው። ሎተሪ እንኳ እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጥም።"

"አንተ ተኩሳታ።"

"እኔ ባለሱቅ ነኝ።"

"እንግዲያው ሱቅህ ውስጥ ሽጥ።"

መክብብ አልተወም። ሜዳው ላይ ተመሳሳይ ጥይት ያለው ሰው ስለማይጠፋ አንዷን እንለምን አለ። ጎሹ፣ ሌላ ሰው ለራሱ ጠመንጃ የሞላውን ጥይት የእሱን ጠመንጃ እንደማያጎርስ ነገረው። እንግዲያው አሁኑኑ አንዷን ሙላ፣ ገና ሰዓት አለ አለው መክብብ።

ባሩዱ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ሚዛኑ እፊቱ ነው፤ ባዶ ቀለህም አለ። የጎሹ እጅ ወደ ሚዛኑ ሄደ። አምና ስሙ በድምፅ ማጉያው ሲጠራ፣ ነጮቹ ሽማግሌዎች ዞር ብለው ያዩት አስተያየት ትዝ አለው። መክብብ ሰዓቱን እያየ ይንጎራደዳል። መነን ነገሩ ሲገባት በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ጎሹ የገዛ ልቡ ሲመታ ይሰማዋል። እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"እንዲህ ሆኜ ባሩድ አልመዝንም" አለ።

ሚካኤላ ከብሩክሄቨን የደረሰችው ያኔ ነው። መኪናዋን ፓርክ አድርጋ የፀሐይ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ እንደሰካች ገባች። ፋርማሲስት ናት፤ ጥይት መሙላትን ከአባቷ ተምራለች። ሦስቱንም አየችና ማን እንደታመመ ጠየቀች። መክብብ ነገራት። እሷ ከጥይቶቹ አንዱን ገልብጣ ቂጡን አየች፤ ሌላም አየች።

"አባ፣ ሌብሉ ሳጥኑ ላይ ብቻ ነበር?"

"አዎ።"

"ላይክ... እኛ ጋ እንዲህ ብናደርግ ላይሰንሳችንን ይነጥቁናል። ሰው ሳጥን ሊቀይር ይችላል። ምልክቱ ጥይቷ ራሷ ላይ መሆን አለበት።"

መክብብ ቁጣ መጣ ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጎሹ ግን ልጁን ትንሽ አያት።

"ልክ ነሽ" አለ።

"ታዲያ አንቺ የሚዛን ሰው አይደለሽ?" አለ መክብብ። "መዝኚና ለያቸው።"

"አይሆንም ጋሽ መክብብ። ቀለሁም እርሳሱም ራሱ እኩል አይመዝንም። የሁለቱ ባሩድ ልኬትም ተቀራራቢ ነው፤ ጉልበታቸው ነው የሚለያየው። ብመዝን ጌስ ነው የማደርገው፣ ግምት።" ወደ አባቷ ዞረች። "አዲሱ ሁሉንም ይችላል። እሱን ይዘን እንሂድ?"

"ዛሬ የሽማግሌዎች ቀን ነው። አዲስ አይገባም።"

ጎሹ ስልኩን አውጥቶ ለሜዳው ባለቤት ደወለ። እንግሊዝኛው አጭር ነው፤ ግን ማንም አጉል አይረዳውም። ጥይቶቹ እንደተቀላቀሉበት፣ የማያውቀውን እንደማይተኩስ፣ ሌላ ሰው እንዲከፍት ነገረው። ባለቤቱ ቢያንስ መጥቶ ይቁም አለው። ጎሹ አመስግኖ ቤት ሥራ እንዳለው ተናገረ። ለምን እንደቀረ ግን የሚነገር ከሆነ እውነቱ እንዲነገር ለመነው።

መክብብ ክራቫቱን አላላ። "ምን ብዬ ልጋፈጣቸው? ከሩቅ የመጡ ሰዎች አሉ እኮ። እኔ ነኝ የጠራኋቸው።"

"እንደጠራሃቸው ንገራቸው" አለው ጎሹ። መክብብ እያጉረመረመ ወደ ሜዳው ሄደ።

ጎሹ ሽማግሌውን ከመኪናው አውጥቶ ወደ ቦታው መለሰ። የተቀላቀለ ሳጥን ከዚህ ጠመንጃ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንደማያድር ወስኗል። መዶሻ የሚመስለውን መፍቻ አወረደ። ጥይቱ የመፍቻው ጭንቅላት ውስጥ ይገባል፤ እንጨት ላይ ሲመታ እርሳሱ ከቀለሁ ይወልቃል፤ ባሩዱም ይፈስሳል። ሚካኤላ የዓይን መከላከያ አደረገች፤ ለአባቷም ሰጠችው። የመጀመሪያውን እሱ ፈታው። ነጭ ሳህን ላይ የፈሰሰው ስስ ቅርፊት የሚመስለው ለዘብተኛው ባሩድ ነበር። ቀጣዩን እሷ ፈታችው። ከእሱ የወጣው እንደ ተከተፈ ቀጭን ክር ያለው ኃይለኛው ነው። ሁለቱ ጥይቶች ሳጥኑ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ።

መነን ቀረብ ብላ አየች።

"ሰው ፊት አዋረድኩዎት" አለች። "ሊሞቱብኝም ነበር።"

"አላዋረድሽኝም።"

"ከዛሬ በኋላ እዚህ ጋራዥ እግሬም አይገባ።"

ጎሹ ሌላውን መታ። ሳህኑ ሲሞላ መነን አንስታው ወደ የትኛው ዕቃ እንደምትመልሰው በዓይኗ ጠየቀች። የተቀላቀለ ባሩድ ወደ ምንም ዕቃ እንደማይመለስ፣ ከቤት ርቆ ሣር ላይ ስስ ተደርጎ እንደሚበተን ነገራት። ወጥታ በተነችው። ስትመለስ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ነበር።

ሥራው ሲጋመስ መክብብ ደወለ። ሚካኤላ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው።

"ጎሹ፣ ትሰማኛለህ? ሰውየው በማጉያ ተናገረ። 'የአምናው አሸናፊ የማያውቀውን ጥይት ስለማይተኩስ ቀርቷል' አለ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሁሉም! አንዱ እንዲያውም ጣት የሌለው እጁን አንስቶ አሳየን። እኔም ተነስቼ እጅ ነሳሁ።"

"አንተ ለምን?"

"ወኪልህ ነኛ። ለመጪው ዓመት ሌላ ልላክ እንዳትል፣ ለምደውኛል።"

ሚካኤላ እየሳቀች ዘጋችው። ጎሹ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ምንም ያልነካውን መነጽር ለረጅም ጊዜ ጠረገ።

የመጨረሻው ጥይት ሲፈታ ሚካኤላ ከቦርሳዋ ሁለት የጥፍር ቀለም አወጣች፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ። ቀለሆቹን ለሁለት ከፍለው ቂጣቸው ላይ ነጥብ እንዲያደርጉባቸው ሐሳብ አቀረበች፤ ሰማያዊው ለሽማግሌው፣ ቀዩ ለአዲሱ። ያኔ ሳጥኑ ቢጠፋም ጥይቷ ማንነቷን ይዛ ትዞራለች። ጎሹ ብሩሿን ይዞ አንዱን ሞከረ። ብሩሿ ለወፍራም ጣቱ አልመች አለችና ቀለሙ ቀለሁ ጎን ላይ ፈሰሰ።

ጠዋት፣ ገና በድንጋጤው ላይ ሳለ፣ ለጋራዡ ቁልፍ ሊያስገጥም አስቦ ነበር። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከሚካኤላ በቀር ሰው አስቀምጦ አያውቅም። መነንን አያት። ጥግ ቆማ የፈሰሰውን ቀለም እያየች ነበር፤ የእሷ እጅ መርፌ ያለ መነጽር የሚያስገባ እጅ ነው።

ተነስቶ ሌላ ወንበር ከጓዳ አመጣ። ከጠረጴዛው ማዶ ሊያስቀምጠው ነበር፤ ግን ዞሮ ከራሱ ወንበር ጎን አስጠጋው።

"ነይ ተቀመጪ" አላት። "ከሰማያዊው ጀምሪ።"