ዙሩ ሳይሞላ

«እሽ ካላልሽን አንቀመጥም» አሏት ሕሊናን የኔታ ቀለመወርቅ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። አቶ ይሻውም ከጎናቸው ቆሙ። የሕሊና እናት ፍቅርተ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቀረች፤ ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀዳል?

ሕሊና ደሟ ፈላ። የላካቸው ላቀው ነው፤ ፊዚክስ ያስተማራት፣ ዛሬ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው አለቃዋ። ባሕር ማዶ ያለ ቤተ ሙከራ የአይዮኖችን፣ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ አቶሞችን፣ ልኬት ይልክላቸዋል፤ እነሱ ደብረ ታቦር ላይ ይተነትኑታል። ላቀው «የአይዮኑ ጨረር አንድ ዓይነት ብቻ ነው፣ ንጹሕ ነው» ብሎ ጻፈ። እሷ ስትመረምረው ሁለት ዓይነት ሆኖ አገኘችው። የማረሚያ ደብዳቤዋን እስከ ቀትር ካልላከች የተቀላቀለው ጨረር ወደ ቀጣዩ ሙከራ ያልፋል፤ የስንት ሰው ልፋት ገደል ይገባል።

«አስተማሪሽ አይደለም? ደብዳቤውን ተይው፤ በባዕድ ፊት አታዋርጅው» አሉ አቶ ይሻው።

«ውሸቱ ላይ የኔን ስም ሲጨምርስ ማን አዋረደኝ?»

«አንቱታሽን የት ጣልሽው?» ደነገጠች እናቷ።

«እሱ እውነቱን የጣለበት!» ወደ የኔታ ዞረች። «የኔታ፣ ሁለት ሰዎች እኩል ተነሥተው ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራሉ እንበል። አንዱ እፍኝ ጤፍ ይዟል። በመጀመሪያው ዙር ይለያያሉ?»

«የለም፤ ትከሻ ለትከሻ ናቸው።»

«በሁለት መቶኛውስ?»

የኔታ አሰቡ። «የያዘው ወደ ኋላ ይቀራል።»

«የኛም መሣሪያ ይኸው ነው። እነዚህ አይዮኖች በቅጽበት የሚያልቁ ናቸው፤ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። በእኩል ጉልበት ገፍቶ፣ እንደ መስታወት በሚመልሱ ሁለት የኤሌክትሪክ ግድግዳዎች መካከል ያመላልሳቸዋል። ቀላሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከባዱ ይዘገያል። እሱ አሥር ዙር ዓይቶ አንድ ናቸው አለ! ሁለት መቶውን ሳሳየው 'ውጤቱን አንዴ ልኬላቸዋለሁ' አለኝ።»

የኔታ ፊታቸው ጠቆረ። «ለኛ 'በቂም ተነሣችብኝ' ነው ያለን። አሥር ላይ ማቆሙን መች ነገረን? ይሻው፣ ይህ ሰው ስሕተቱን በሽበታችን ሊሸፍን ነው የላከን!»

«ታዲያ እሽ ሳትለን ልንቀመጥ ነው?»

የኔታ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መደቡ ላይ ዘፍ አሉ። «እኔ ተቀመጥሁ። ላኪው ልጄ። ላቀውን ራሴ አነጋግረዋለሁ፣ ያውም ቁጭ ሳይል!»

ሕሊና ስልኳን አውጥታ ደብዳቤውን ላከች። ቁጣዋ ግን አልበረደም።

አቶ ይሻው አልተቀመጡም። ፍቅርተ ለየኔታ ስትቀዳ ዓይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለኔ እዚሁ እንደቆምሁ ቅጅልኝ።»