ያልተላጠው ቀይ ቀለም

ሌሊቱን ጥርሱን ሲያፋጭ የሚያድረው ማን ነው?

አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ከባሕር ማዶ ስመለስ እሱ ይተኛበት የነበረው ክፍል ተሰጠኝ፤ ከእናቴ ክፍል የሚለየው ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። በሁለተኛው ጠዋት እናቴ ሻይ እየቀዳችልኝ፣ «አባትህ ዛሬም ሲያፋጭ አደረ» አለችኝ፤ ዝናብ ሲዘንብ አደረ እንደማለት፣ ቀለል አድርጋ።

ለእህቴ ነገርኳት። ታላቄ ናት፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች።

«በቃ፣ ቤቱ ይዘጋና ወደ እኔ ትመጣለች» አለች። «የሞተ ሰው መስማት ከጀመረች ምን ቀራት? አንተ እንደሆንክ አንድ ቀን ብድግ ብለህ ትሄዳለህ።»

የመጨረሻውን አልተከራከርኳትም። እናቴ ግን ከዚያ ቤት ከወጣች እንደማትከርም አውቃለሁ። «እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ የእኔን አፍ እዪልኝ» አልኳት። ጠዋት ጠዋት መንጋጋዬን ያመኝ ነበር።

መሥሪያ ቤቷ ወስዳ ባትሪ አበራችብኝ። የኋላ ጥርሶቼ ተበልተው ጠፍጣፋ ሆነዋል፤ ምላሴም ዳር ዳሩን ጥርስ ታትሞበታል።

«አንተ ፈላስፋ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ድንጋይ ስትፈጭ ነው የኖርከው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ቁርጥ የአባዬ ጥርስ።»

እኔ ነበርኩ ማለት ነው። እናቴ ጤነኛ ናት። እፎይ አልኩ።

እህቴ ግን በቀላሉ አታምንም። የጥርሴን ልክ ወስዳ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ሠራችልኝና ላዩን ቀይ ቀለም ቀባችው። «ካፋጨህ ቀለሙ ይላጣል፤ ድምፁም አይሰማም። በሦስተኛው ቀን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።»

በመጀመሪያው ጠዋት እናቴ የአባቴን ነገር ሳታነሣ ሻይ ቀዳችልኝ። በሁለተኛው ዓይኗ ደም መስሎ፣ «አባትህ ሳያኮርፈኝ አልቀረም» አለች። እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ለካ የሚያስተኛት ያ ድምፅ ነበር።

በሦስተኛው ጠዋት ስነሣ እያንጎራጎረች ልብስ ታጥባለች።

«ታረቀኝ» አለች ቀና ብላ። «ሲያፋጭልኝ አደረ።»

ሽፋኑን ከአፌ አውጥቼ መስኮቱ ጋ አገላበጥኩት። መንጋጋዬን አላመመኝም። ቀዩ ቀለም አንድም ቦታ አልተላጠም። ዞሬ ግድግዳውን አየሁት፤ ወደ አልጋዬ ግን አልተጠጋሁም።

ፎቶ አነሣሁ፤ አጠፋሁት። ከዚያ ለእህቴ ጻፍኩላት፦

«እትዬ፣ ማታ ሽፋኑን ሳላደርገው ነው የተኛሁት። ያፋጨሁት እኔ ነኝ። እማዬ ደህና ናት።»

ወዲያው አነበበችው።